የጋሽ ጆሮ ስምንቱ ቫልቮች

አጎቴ ሞተር የሚያዳምጡት በካቻቢቴ ነበር። ካቻቢቴው ክንድ ያህል የሚረዝም፣ የእንጨት እጀታው ከብዙ ዓመት የእጅ ላብ የተነሣ ጠቁሮ የወዛ ነው። ጫፉን በሚሠራ ሞተር ላይ ያሳርፉና እጀታውን ከጆሯቸው ሥር ካለው አጥንት ጋር ያስደግፉታል፤ ከዚያ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያች ቅጽበት ጋራዡ ውስጥ መዶሻ የያዘ መዶሻውን፣ ወሬ የያዘ ወሬውን ያቆም ነበር ይባላል። ዐይናቸውን ሲገልጡ «ሦስተኛው ሲሊንደር፣ የጭስ ማውጫው ቫልቭ» ይላሉ፤ ክዳኑ ሲከፈትም ጉዳቱ እዚያው በተናገሩበት ቦታ ይገኛል። ስለዚህ እናት አባታቸው ያወጡላቸውን ስም በሥራ ቦታቸው የሚያስታውስ ሰው አልነበረም። አለቃውም፣ ዘበኛውም፣ መኪና ሊያሠራ የሚመጣውም «ጋሽ ጆሮ» ነበር የሚላቸው።

እኔ የእኅታቸው ልጅ ነኝ። ለትምህርት ብዬ እርሳቸው ቤት መኖር ከጀመርሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ክፍል የአጎቴ ሚስት እትዬ፣ ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት ሥር የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው የሰው ልብስ ይሰፋሉ፤ በኋለኛው እንተኛለን። ግቢው ጠባብ በመሆኑ አንዲት መኪና ከቆመችበት ሰው የሚያልፈው ጎኑን አዙሮ ነው። ያቺ አንዲት መኪና የአጎቴ ነበረች፤ ግራጫ፣ ትንሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ የቆመች። ከመቆሟ በፊት ቫልቮቿ ይንጫጩ ስለ ነበር፣ እትዬ «መኪና ናት ወይስ ዶሮ? ገና ከመንገዱ ጫፍ ስትመጣ እኮ ነው የምንሰማት» እያሉ ያሾፉባት እንደ ነበር አስታውሳለሁ። አጎቴ ሁልጊዜ «የሰው ጨርሼ፣ የራሴን» ይሉ ነበር። የሰው ግን አያልቅም።

ያለቀው በሌላ መንገድ ነው። አጎቴ አዳምጠው «ደኅና ነው» ያሉት አንድ የጭነት መኪና በሳምንቱ እየተንኳኳ ተመለሰ። ሾፌሩ ግቢው መካከል ቆሞ፣ «ይሄን ሞተር ጋሽ ጆሮ ናቸው የሰሙት ወይስ ጋሽ ጆሮ ተኝተው ነበር?» ብሎ ጮኸ። ወሩ ሳያልቅ ሌላ መኪና ተመለሰ፤ ከዚያም ሌላ። የጋራዡ አለቃ ከሃያ ዓመት በፊት ከአጎቴ ሥር ሥራ የተማረ ሰው ነው። ያኔ መንምኖ ስለ ነበር «ቀጮ» ያሉት አጎቴ ናቸው፤ ዛሬ ሆዱ ከመኪና መሪ ጋር እየተጋፋም አጎቴ ስሙን አልቀየሩለትም። እርሱም አንድ ቀን ጎን ለጎን ተቀምጦ፣ ከሞተር ክፍል ወደ ዕቃ ቤት እንዲዛወሩ በለሰለሰ ቃል ነገራቸው።

የተባባሉትን የማውቀው አጎቴ ራሳቸው ማታ በገበታ ላይ የሁለቱንም ድምፅ እየለዋወጡ ስለ ተጫወቱልን ነው።

«‘ጋሼ፣ እስቲ ዕቃ ቤቱን ይያዙልኝ፤ የሚታመን ሰው አጣሁ’ አለኝ። ‘ቀጮ’ አልሁት፣ ‘እኔ ያስተማርሁህ ሞተር ነው፤ ሽንገላ ከየት ተማርህ?’ አንገቱን ደፋ። ‘በል ስማ፤ የራሴን መኪና ግቢዬ ውስጥ ፈትቼ የቫልቭ ዕቃዋን በሙሉ እቀይራለሁ። ሌላ እጅ አይነካትም። ሰኞ ጠዋት እዚህ አመጣታለሁ፤ ሁላችሁም ትሰሟታላችሁ። ዝም ካለች ቦታዬን ትመልሳለህ።’ ‘ዝም ካላለችስ፣ ጋሼ?’ አለኝ።»

«ምን አልኸው?» አሉ እትዬ።

«‘ዝም ካላለችማ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ወንበር አስቀምጥልኝ፤ ቁልፍና ዳዶ ሳድል እሞታለሁ’ አልሁት።» አጎቴ ከልባቸው ሳቁ። እትዬ አልሳቁም።

ሥራው የተጀመረው ማክሰኞ ነው። አጎቴ የሳምንት ፈቃድ ወስደው ነበር፤ እኔም ትምህርት ተዘግቶ ቤት ነበርሁ። አዲሶቹ ዕቃዎች በየጊዜው እየተሰበሰቡ በአልጋቸው ሥር በጨርቅ ተጠቅልለው የከረሙ ናቸው፤ አንድ ካምሻፍት፣ ስምንት ሮከር፣ ስምንት ሞላ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው በአጭሩ ለማስረዳት ልሞክር፤ ብሳሳት ጥፋቱ የእኔ እንጂ የአስተማሪዬ አይደለም። ቫልቭ የሞተር መተንፈሻ በር ነው። ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ሲዞር በላዩ ያሉት እብጠቶች ሮከሩን ያነሡታል፤ ሮከሩም እንደ ጣት ጎንበስ ብሎ ቫልቩን ተጭኖ ይከፍተዋል፤ ሞላው መልሶ ይዘጋዋል። በሮከሩና በቫልቩ መካከል ከወረቀት ብዙም የማይወፍር ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተቱ ከጠበበ ቫልቩ ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል፤ ከሰፋ ደግሞ ብረት ከብረት እየተጋጨ ይንጣጣል።

አጎቴ የቫልቩን ክዳን ሲያነሡ አሮጌዎቹ ሮከሮች ተበልተው፣ ካምሻፍቱን የሚነካው ፊታቸው በጥፍር የተቆፈረ ያህል ጎድጉዶ ነበር። አንዱን አንሥተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«እዪ፣ ይህ ሁሉ ሲበላ እኔ የሰው መኪና ሥር ተኝቼ ነበር» አሉኝ።

የሚፈታው ሁሉ ቅደም ተከተሉን ጠብቆ በእንቁላል ካርቶን ጉድጓዶች ውስጥ ይደረደር ነበር፤ አንድ ጉድጓድ ለአንድ ሮከር። ሞላዎቹን ለመቀየር ግን ቫልቮቹ ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ እንዳይወድቁ ከሥር የሚደግፋቸው ነገር ያስፈልጋል። በጋራዡ ውስጥ ይህ በአየር ግፊት ይሠራል። አጎቴ አንገታቸውን ዘወር አድርገው ግቢውን ቃኙና ዐይናቸው የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አረፈ።

«አንተ ሰው፣ ገመዴን ወዴት ነው?» አሉ እትዬ በመስኮቱ።

«ሞተሩ ሊውጠው።»

«ልብሱንስ የት ላስጣው?»

«ሁለት ቀን እርጥብ እንለብሳለን። ምን ይሆናል!»

እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅለው ገመዱን በቀዳዳው አስገብተው፣ ሲሊንደሩን እስኪሞላ ድረስ አጠራቀሙትና ሞተሩን በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ፒስተኑ ሲወጣ ገመዱን ከቫልቮቹ ሥር እንደ ትራስ ጨመቀው። ከዚያ አሮጌዎቹን ሞላዎች አውጥተው አዲሶቹን አስገቡ፤ አራቱንም ሲሊንደር እንዲሁ። ገመዱ ለእትዬ ሲመለስ ጥቁር ነበር። እትዬ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው ይዘውት፣ «ይህ እንግዲህ ከአሁን በኋላ የአንተ ካልሲ ብቻ ነው የሚሰጣበት» አሉ፤ ሦስታችንም ሳቅን። በዚያ ሳምንት ብዙ ሳቅን። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው የማኖርበት ቦታ አጣለሁ።

የእኔ ድርሻ መጽሐፉን ማንበብ ነበር። መኪናይቱ ስትገዛ አብሮ የመጣ፣ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ የጥገና መጽሐፍ አለ፤ እኔ እየተረጐምሁ አነብላቸዋለሁ፤ እርሳቸው እየሠሩ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። መጽሐፉ እንደማያስፈልጋቸው አውቅ ነበር። እኔን ከሥራው ለማስጠጋት ሲሉ ያስነበቡኝ ይመስለኛል። ድምፄ ትንሽ ነው። መምህራኖቼ ሁልጊዜ «ከፍ አድርጊ፣ የኋላው አልሰማም» ይሉኛል፤ አጎቴ ግን አንድም ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም፤ ስለዚህም ለእርሳቸው ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ካምሻፍቱ ተቀምጦ፣ እርሱን የሚያዞረው ካቴና በምልክቱ ልክ ተገጥሞ፣ ሮከሮቹን የሚይዙት ብሎኖች ሊጠብቁ ሲሉ የማጥበቂያውን ልክ አነበብሁ። ዐይኔ መስመር ስቶ ሃያ ሁለት ማለት ሲገባኝ «ሁለት መቶ ሃያ» አልሁ። ይህ የሚያስቅ ስሕተት ነው፤ በዚያ ኃይል የሚጠብቅ ብሎን እንደ ክብሪት እንጨት ይቀነጠሳል። ስሕተቴን ወዲያው አውቄ አፍሬ፣ እስኪስቁብኝ ጠበቅሁ።

አጎቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ» አሉ።

«ጋሼ፣ ሁለት መቶ ሃያ ነው ያልሁት» አልሁ እንደገና፣ ከኋላቸው ሆኜ።

አልዞሩም። ቁልፉን በእጃቸው መዝነው፣ አንጓቸው በለመደው ልክ፣ ማለትም በትክክለኛው ልክ አጥብቀው ወደሚቀጥለው ብሎን አለፉ። እኔ መጽሐፉን እንደ ያዝሁ ቆሜ ቀረሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ትምህርቴ፣ ስለ እናቴ፣ ስለማነበው መጽሐፍ ከዚህ ራስ ጋር ስንት ነገር እንዳወራሁ፣ ስንት ጊዜም እንዲህ ተነቅንቆ እንደ መለሰልኝ ትዝ አለኝ። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ አስተዋልሁ። የሰፈሩን ዘበኛ ጎርናና ድምፅ ከበር ይሰማሉ፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ ይሰማሉ፤ የእትዬን ድምፅ የሚሰሙት አፋቸውን እያዩ ነው። ቀጫጭኑ ድምፅ ሁሉ ከዓለማቸው ወጥቶ ነበር። የቫልቭ መንጣጣት ደግሞ ቀጭን ድምፅ ነው።

አርብ ዕለት ክፍተቱን የማስተካከሉ ሥራ ደረሰ። መጽሐፉ ልኩን ይናገራል፤ በዕቃ ሣጥኑም ውስጥ እንደ ቢላዋ ስለት የሳሱ፣ ውፍረታቸው የተጻፈባቸው ትናንሽ የመለኪያ ቅጠል ብረቶች አሉ። ትክክለኛውን ቅጠል መርጬ ከእጃቸው አጠገብ አስቀመጥሁት። ከዚህ የበለጠ ድፍረት አልነበረኝም።

አጎቴ አዩትና ፈገግ አሉ። «ይሄን ቀጮ ነው የሚወደው። ይሄ እኮ ጆሮ ለሌለው ሰው የተሠራ ነው» ብለው ወደ ሣጥኑ መለሱት።

የእርሳቸው መንገድ ሌላ ነበር። ለማስነሻ ያህል ክፍተቱን በግምት አበጅተው፣ ክዳኑን ሳይመልሱ ሞተሩን ያስነሡታል፤ ዘይቱ እንዳይረጫቸው ከቆርቆሮ የተቆረጠ መከለያ ያቆሙበታል። ከዚያ እየተወዛወዘ ያለውን ሮከር ማስተካከያ ጥቂት ያላሉታል፤ መንጣጣት ሲጀምር ያቆሙና ድምፁ እስኪጠፋ ብቻ መልሰው ያጠብቁታል፤ በመጨረሻ ዳዶውን ያስሩታል። በጋራዡ ውስጥ ይህን በሥራ ላይ ባለ ሞተር የሚሠራ ሌላ ሰው አልነበረም። ስማቸውን ያጸናላቸው ይህ ነው።

ሞተሩ የተነሣው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። በሦስተኛው ሙከራ ሳል እንደ ያዘው ሰው አንገራግሮ ተነሣና ተረጋጋ። አጎቴ በደስታ የመኪናይቱን ጣሪያ መቱት። ከዚያ መከለያውን አቁመው ከመጀመሪያው ቫልቭ ጀመሩ። አላሉት፤ መንጣጣት ጀመረ። እኔ ሰማሁ። እርሳቸው አልቆሙም፤ ጨምረው አላሉት። መንጣጣቱ ወደ መቀጥቀጥ ተለወጠ፤ አሁንም አላሉት። ጥርሳቸውን ነክሰው ግንባራቸውን አኮማትረው ይጠብቁ ነበር። ድምፁ ጎርንኖ መዶሻ ሲመስል ብቻ ነው «አሃ፣ መጣሽ» ያሉት። ከዚያ ቀስ ብለው አጠበቁት፤ ለእርሳቸው እስኪጠፋ ድረስ። ለእኔ አልጠፋም። ዳዶውን አስረው ወደ ሁለተኛው አለፉ።

ስምንቱን ቫልቭ በዚህ መንገድ ጨረሱ። እኔ አጠገባቸው ቆሜ የእጅ ባትሪ አበራላቸው ነበር።

ሲጨርሱ ካቻቢቴውን አነሡ። እጀታውን ግን ወደ ጆሯቸው አልወሰዱትም፤ ሰው እንዳያያቸው ጀርባቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ የሞተሩን ንዝረት በአጥንታቸው ለመያዝ በጥርሳቸው ነከሱት። እኔን ግን ረስተውኝ ነበር። በዚያ ሁኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ። ቤት ውስጥ የእትዬ የስፌት መኪና ይሠራ ስለ ነበር፣ የምሰማው መንጣጣት ከዚያ የሚመጣ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞከርሁ። ወዲያው የስፌት መኪናው ቆመ። መንጣጣቱ ቀጠለ።

እትዬ በሩ ላይ ብቅ አሉ፤ መርፌ በከንፈራቸው እንደ ያዙ ነበሩ። ሞተሩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

አጎቴ ዐይናቸውን ገልጠው ካቻቢቴውን ከአፋቸው አወጡ። ፊታቸው እንደዚያ ሲበራ አይቼ አላውቅም። «ሰማችሁ?» አሉ። «ሰማችሁ እንዴት ዝም እንዳለች?»

እትዬ መርፌውን ከከንፈራቸው አወጡ። «ሰማን» አሉ።

እኔ ራሴን ነቀነቅሁ።

ያን ዕለት ማታ ከቤቱ ጀርባ ባለችው ማድ ቤት ውስጥ፣ እትዬ ዳቦ እየቆረጡ ሳይመለከቱኝ ተናገሩ። «አንቺ ንገሪው። ከመጽሐፉ ጋር አያይዘሽ ብትነግሪው አይከፋውም።»

«እርስዎ ቢነግሯቸው ይሻላል፣ እትዬ። እኔ ምን አውቄ?»

«እኔማ ምን ብዬ? ሠላሳ ዓመት ከቀልድ በቀር ስለ ሞተር አፌን ከፍቼበት አላውቅም።» ቢላዋውን አስቀመጡት። «ምናልባት አዲስ ዕቃ ስለ ሆነ ይሆናል። ሲለማመድ ዝም ይል የለ?»

አይልም። አውቅ ነበር። «ምናልባት» አልሁ።

«ዛሬን ደስ ይበለው እንግዲህ። ነገ እንነግረዋለን።»

በማግስቱ አጎቴ ለሰኞ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ወጡ። ግቢው ውስጥ እኔ፣ መኪናይቱና የዕቃ ሣጥኑ ብቻ ቀረን። ኮፈኑን ከፈትሁ። መጽሐፉን በጭቃ መከላከያው ላይ ዘረጋሁት። የቫልቩን ክዳን የሚይዙት ሁለት ዳዶዎች ብቻ ናቸው። አሠራሩን አጠገባቸው ቆሜ ሳምንት ሙሉ አይቻለሁ፤ ልኩን በቃሌ ይዣለሁ፤ ቅጠሉ በእጄ ነው። አስር ቁጥር ቁልፍ አንሥቼ የመጀመሪያው ዳዶ ላይ አሳረፍሁ።

ብሳሳትስ? አንዱን ቫልቭ አጥብቄ ባቃጥለውስ? ደግሞም «ሌላ እጅ አይነካትም» ብለው ቃል ገብተዋል፤ እኔ ከነካኋት ዝም ብትልም ዝምታዋ የእርሳቸው አይሆንም። እነዚህን ምክንያቶች ያኔ እንደ ክብር ቈጥሬያቸው ነበር። አሁን ደጋግሜ ስመረምራቸው ፍርሃት ብቻ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ቀና ስል እትዬ የስፌት መኪናቸውን አቁመው በመስኮቱ ያዩኝ ነበር። አንዲት ቃል ቢሉ፣ «ፍቺው» ወይም «ተዪው» ቢሉ፣ እታዘዝ ነበር። ምንም አላሉም። ምናልባት እርሳቸውም ከእኔ ይጠብቁ ይሆናል። ቁልፉን መልሼ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥሁት። አጎቴ ሲመለሱ አንገታቸው ነጽቶ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተቱ ነበር።

ማታም አልነገርናቸውም። እትዬ የአጎቴን ንጹሕ ቱታ እጅጌ ተኮሱ፤ እኔ መጽሐፍ ገልጬ ተቀመጥሁ።

ሰኞ ጠዋት አብሬያቸው እንድሄድ ጠየቁኝ። «ምስክሬ ነሽ» አሉኝ። በመንገዱ ላይ እግረኞች ዘወር እያሉ ያዩን ነበር፤ አንዲት ሴትዮ ልጇን እጁን ይዛ ወደ ዳር ሳበችው። አጎቴ መሪውን በአንድ እጃቸው ይዘው ተዝናንተዋል።

«አየሽ?» አሉ። «ሁለት ዓመት ቆማ እንኳ ሰው ዞሮ ያያታል።»

በጋራዡ በር ስንገባ ሁሉም ሥራውን ትቶ ወጥቶ ነበር፤ መንገድ ላይ ሳለን እንደ ሰሙን ግልጽ ነው። አጎቴ ሞተሩን ሳያጠፉ ወርደው ኮፈኑን አነሡ። ከኋላ ከቆሙት አንዱ፣ «ጋሽ ጆሮ የሚስታቸውን ስፌት መኪና ነው እንዴ ያመጡት?» አለና ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። አለቃው ዞሮ በዐይኑ አስቆማቸው። አጎቴ ግን ሲስቁ አይተዋቸው ነበር፤ እርሳቸውም አብረዋቸው ሳቁ።

«ና፣ ቀጮ» አሉ ካቻቢቴውን በሁለት እጃቸው እየዘረጉለት። «ና ስማ።»

አለቃው ካቻቢቴውን አልተቀበለም። አያስፈልገውም ነበር። እጁን በጨርቅ ደጋግሞ ጠረገ። «ጋሼ…» አለ ቀስ ብሎ።

አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን አለ?»

ዐይኔን ወደ ካቻቢቴው መለስሁ።

አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ጮኾ ሊነግራቸው አልፈለገም፤ በሌላው ሰው ፊት ሊያሳፍራቸውም አልፈለገም ይሆናል። ሞተሩን አጠፋው፤ ሁለቱን ዳዶዎች ፈትቶ ክዳኑን አነሣ፤ ከደረት ኪሱ የመለኪያ ቅጠሎቹን አወጣ። ትክክለኛውን ቅጠል በመጀመሪያው ክፍተት ውስጥ ሲያስገባው ምንም ሳይዘው ወለል ብሎ ገባ። ሁለት ደርቦ አስገባ። ሁለቱም ገቡ። ሦስተኛውን ሲደርብ ነው የተያዘው።

አጎቴ አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ወዲያው አልጠፋም፤ ሰው የለቀቀው ቤት መብራት እንደ በራ እንደሚቀር ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ ቅጠሎቹን ከአለቃው እጅ ወስደው በገዛ እጃቸው መለካት ጀመሩ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፤ እየጎተቱ፣ እየደረቡ፣ እስከ ስምንተኛው። ሲጨርሱ አለቃው ከአጠገባቸው ጎንበስ ብሎ፣ አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ፣ በወፍራም ድምፁ ተናገረ።

«ስምንቱም እኩል ናቸው፣ ጋሼ። በፀጉር አይለያዩም። በመለኪያ እንኳ እንዲህ እኩል የሚሠራ እዚህ የለኝም።»

ለማመስገን ነበር ያለው። እውነትም ነበር። እጃቸው አንድ ጊዜም አልሳተም፤ ጆሯቸው በሰጣቸው ልክ ስምንት ጊዜ በትክክል ሠርተዋል።

አለቃው ቁልፍና ካቻቢቴ ይዞ ስምንቱን በመለኪያው አስተካከላቸው። ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። ክዳኑን መልሶ ሲያስነሣት መኪናይቱ ዝም አለች፤ ማለትም ሞተር ዝም የሚለውን ዝምታ፣ ለስላሳውን። ከቆሙት ሰዎች አንዱ ሳያስበው «ወይ ማማሯ!» አለ።

አጎቴ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ አሳረፉ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጀታውን በጥርሳቸው ነከሱ። ዐይናቸውን ጨፈኑ። እስኪበቃቸው ካዳመጡ በኋላ ቀና ብለው አለቃውን አዩት፤ ጥያቄያቸውም እንደ ልጅ ጥያቄ የዋህ ነበር።

«ከቅድሙ ምን ተለየ?»

አለቃው ዐይኑን ወደ እኔ ጣለ። አጎቴ ወደ እኔ ዞሩ፤ አፌን ማየት ጀመሩ።

«አንቺ ትሰሚው ነበር?»

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ቅዳሜም?»

ነቀነቅሁ።

«እትዬሽስ?»

ለዚህ ጥያቄ ራሴን መነቅነቅ አልቻልሁም፤ መሬት መሬት አየሁ፤ መልሱ ግን ያው ነው። አጎቴ አልተቈጡም። ካቻቢቴውን በጨርቅ ጠርገው የአለቃው የሥራ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። «እንግዲህ ወንበሩን የት ነው የምታደርግልኝ?» አሉ፤ ድምፃቸው ከሚገባው በላይ ጮኾ ነበር፤ ለካ የራሳቸውንም በደንብ አይሰሙትም ኖሯል።

ይህ ከሆነ ዐሥር ወር አለፈ። አጎቴ በዕቃ ቤቱ በር ተቀምጠው ቁልፍ ያድላሉ። ሠራተኞቹ የሚፈልጉትን ቁጥር በጣታቸው ያሳዩአቸዋል፤ «ጋሽ ጆሮ» የሚላቸው ግን የለም፤ ይህን ስም ማን እንደ ከለከለ አላውቅም፤ በአንድ ቀን ቀረ። ቤት ውስጥ እትዬ አሁን ፊት ለፊታቸው ተቀምጠው፣ ቃሉን እየቈረጡ ጮኸው ያናግሯቸዋል፤ አጎቴ አጭር መልስ ይሰጣሉ። ድሮ በገበታ ላይ የሰውን ድምፅ እየለዋወጡ ይጫወቱት የነበረውን ተዉት። መኪናይቱ ደኅና ናት። ሲነዷት ሬዲዮ የሚያዳምጥ ሰው ያህል እንኳ ጆሯቸውን አይሰጧትም። አሮጌዎቹ ስምንት ሮከሮች አሁንም በእንቁላሉ ካርቶን ውስጥ፣ በየተራቸው እንደ ተደረደሩ አልጋቸው ሥር ናቸው።

ባለፈው እሑድ ግቢው ውስጥ ዘይት ሲቀይሩ መጽሐፉን ይዤ አጠገባቸው ቆምሁ። ያነበብሁት ነገር አልነበረም። ይህን ቃል ዐሥር ወር ሙሉ ስጽፈውና ስሰርዘው ከርሜ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ» አልሁ። ከፍ አድርጌ ለማለት ነበር ያሰብሁት፤ ድምፄ ግን በራሱ ልክ ወጣ።

ጎንበስ እንዳሉ፣ ሳይዞሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ» አሉ፤ ልክ ሁለት መቶ ሃያ ብዬ ባነበብሁላቸው ቀን እንዳሉት።